ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ ትምህርታዊ ዝግጅት በወሎ፣ በደጎሎ፣ በመካነ ሰላም፣ በከለላ፣ በወግዲ፣ በአቅስታና በአካባቢው ላላችሁ፣ እንዲሁም ከሩቅ ሆናችሁ የአገራችሁን ድምፅ ለምትከታተሉ ሁሉ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችንም ስለምናውቀው አንድ ዓይነት ግቢ ነው። ከፊት ዋናው ቤት አለ፤ ባለቤቶቹ ይኖሩበታል። ከጓሮ በኩል ሦስት ወይም አራት ክፍል ሰርቪስ በተርታ ተሠርቷል። አንዱን ክፍል የጤና ጣቢያ ባለሙያ ተከራይታዋለች፤ አንዱን መምህር፤ አንዱን ከገጠር ቀበሌ መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ሁለት ልጆች። እንዲህ ያለውን ግቢ ገዝቶ ፊት ለፊቱን ኖሮበት ጓሮውን ማከራየት የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ያስበዋል፣ ሱቅ ያለው ነጋዴ ያስበዋል፣ ሪያድና ቤይሩት ሠርታ ገንዘብ የምትልክ እህትም ታስበዋለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሰው የሚጎዳው ሐሳቡ ላይ አይደለም፤ ቀብድ በሚከፈልባት ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ንግግሬ በአብዛኛው ከዚያች ቀን በፊት መደረግ ስላለበት ነገር ይሆናል።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ልመለስ። በግቢ ውስጥ እየኖሩ ማከራየት ዛሬ ተራ ነገር ይምሰለን እንጂ በአገራችን ሙሉ በሙሉ የተከለከለበት ዘመን ነበር። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየት እንዳይችል ተደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ፤ ከዚያ በላይ የሚከራየውን ደግሞ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዘው። ዛሬም «የቀበሌ ቤት» የምንለው የዚያ ውርስ ነው። ቤት ልትገዙ ሰነዱን ስታገላብጡ፣ ቤቱ ድሮ ተወርሶ የነበረ እንደሆነ፣ ተመልሶ እንደሆነ፣ በማን ስም እንደተመለሰ የሚጠይቅ ጥያቄ ሊገጥማችሁ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። አሮጌ ቤት የምትገዙ ከሆነ የሻጩን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ታሪክ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ የመሬቱ ነገር ግን አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት የራሱ ንብረት መሆኑን፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ ግቢ ገዛን ስንል የምንገዛው ግድግዳውንና ጣራውን ነው። ቦታውን በተመለከተ የሚተላለፍልን የመጠቀም መብት ነው። ይህን በደንብ የያዘ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዘው ይደነግጋል። ሻጩ ለዓመታት የከፈለው ትንሽ የቦታ ግብር ነበር፤ እናንተ ግን ስም ስታዞሩ የሊዝ ውል ትፈርማላችሁ ማለት ነው። ክፍያው ስንት ይሆናል፣ በስንት ዓመት ይከፈላል የሚለውን ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ሳይሆን ከመስጠታችሁ በፊት ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ሕግ ይሻሻላል፣ መመሪያም ይለወጣልና፣ ደላላው የነገራችሁን ሳይሆን በዚያ ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ የነገራችሁን ያዙ። ይዞታው ከመጀመሪያውም ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለ ወይ፣ ግንባታውስ የት ደርሷል ብላችሁ ጠይቁ። ግንባታው ገና ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ ሲተላለፍ ሕጉ ልዩ ገደብ ያስቀምጥበታል። በማኅበር ተደራጅተው የተሠሩ ቤቶችም የራሳቸው የማስተላለፊያ ገደብ ሊኖርባቸው ይችላል።

ከከተማው ዳር ያለው ነገር ግን ከሁሉም ይከፋል። ከገበሬ ማሳ ላይ ተቆርሶ «ነገ ወደ ከተማ ይካለላል» ተብሎ የሚሸጥ ቦታ አለ። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የክልላችን፣ የአማራ ክልል፣ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ይህንኑ ያጸናል። እዚያ ላይ በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ስንት ክፍል ቢኖረው፣ ዋጋው ምን ያህል ቢቀንስ፣ ግዢ አይባልም። ገንዘባችሁን ሰጥታችሁ የምታገኙት ነገር በሕግ ዓይን የለም። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው በዚህ መንገድ ገንዘቡን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። በእኛ አካባቢ ሽያጭ የሚጀመረው በሽማግሌና በመንደር ውል ነው። በሁለት ሦስት ምስክር ፊት ወረቀት ይጻፋል፣ ቀብድ ይቆጠራል፣ ቡና ይጠጣል። መተማመኑ መልካም ነው፤ ማንም ሰው እንዲተወው አልመክርም። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ ይህን አንቀጽ አጥብቆ ተርጉሞታል፤ በዚህም ምክንያት በመንደር ውል ብቻ ቤት ገዝተው ሻጩ ሐሳቡን ሲለውጥ ወይም ሲሞት ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ አሉ። ይህም ብቻ አይበቃም። የቤቱ ባለቤትነት የሚተላለፈው ዝውውሩ በመዝገብ ሲገባ ነው፤ አንቀጽ 1185 የሚለው ይህንን ነው። ውል ጸድቆ ስም ሳይዞር የሚቀር ቤት መንገድ ላይ እንዳለ ዕቃ ነው፤ ለሻጩ ያበደረ ሰው በዕዳው ሊያስይዘው ይችላል።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ልጨምር። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ በበዛ ቁጥር እናንተ ካፈረሳችሁ የምታጡትም ይበዛል። ትንሽ ስጡ፣ በጽሑፍ ስጡ፣ በባንክ አስተላልፉ። ወረቀቱም ላይ የቤቱ የይዞታ ካርታ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ሆኖ ካልተገኘ ቀብዱ እንደሚመለስ አስጽፉ።

እገዳ ስል ባንክ ያስያዘውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሻጩ ትዳር አለው? የጋራ ንብረት የሆነ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የባልም የሚስትም ስምምነት ይጠይቃል። «ባለቤቴ ከአገር ወጥታለች፣ ችግር የለውም» የሚል ሻጭ ችግር አለበት። ቤቱ የውርስ ነው? እንግዲያው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይታይ፤ ወራሾቹም ሁሉ ይፈርሙ። አምስት ወንድማማቾች ካሉ አራቱ ፈርመው አንዱ አዲስ አበባ ከሆነ፣ እርሱ እስኪመጣ ወይም በሕግ የጸደቀ ውክልና እስኪልክ ጠብቁ። ሰርግና ለቅሶ አብሮ ያሳለፈ ጎረቤትም ቢሆን ጠብቁ። በወሎ የዘመድ ነገር ሰፊ ነው፤ ለግዢው የታየ ይሉኝታ ከዓመታት በኋላ በችሎት ሊያስከፍል ይችላል።

ከውጭ ሆናችሁ ለምትገዙ ወገኖች ደግሞ ውክልናውን በጥንቃቄ ስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ይሸፍናል፤ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ግልጽ የሆነ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ወንድማችሁ ቤት ገዝቶላችሁ ኪራይ እንዲሰበስብ ከፈለጋችሁ፣ ለመግዛትና ለማከራየት ብቻ ወክሉት፤ የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን በዚያው ወረቀት ላይ አትጨምሩ። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ይመጣል። የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁ ደግሞ ቢጫ ካርዳችሁን አዘጋጁ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ለያዘ ሰው በውጭ ዜጋ ላይ የተጣለውን የቤት ባለቤትነት ገደብ አንሥቶለታል። ስሙን ግን በራሳችሁ አድርጉ። «ለጊዜው በእናቴ ስም ይሁን» የሚባለው ነገር እናት በሞተች ጊዜ ቤቱን የሁሉም ልጆች ውርስ ያደርገዋል። በረሃ ላይ አሥር ዓመት የሰው ቤት አጽድታ ያጠራቀመች ልጅ ቤቷን ከወንድሞቿ ጋር ስትካፈል ማየት ያሳዝናል፤ የሚያሳዝነውም መከላከል ይቻል ስለነበር ነው።

ወረቀቱ ከጠራ ወደ ግቢው እንግባ። ደጎሎ የቆመችበት የጃማ ሜዳ በጥቁር አፈሩ የታወቀ ነው። ገበሬው ዋልካ ይለዋል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ይጨቀያል፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ እግር የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። ስንዴ ያበቅላል፤ ለቤት ግን ጠላት ነው። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት ካልነካ ወይም አፈሩ ወጥቶ በተመረጠ ሙሌት ካልተተካ፣ ግድግዳው በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ይነሣል ይወርዳል። ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ በበጋ መጨረሻ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሂዱ። በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ፈልጉ። ትናንት የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ለምን ተቀባ ብላችሁ ጠይቁ። በር አልዘጋ ካለ ወይም ከተዘጋ በኋላ ራሱ ከተከፈተ ወለሉ ዘምሟል ማለት ነው። በተለይ ሰርቪሱን እዩት፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ቤት በድንጋይ መሠረት ይሠራና ሰርቪሱ በኋላ ገንዘብ ሲተርፍ በጭቃና በባሕር ዛፍ ይጨመርበታል። ገቢው የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ከደካማው ክፍል ነው። ከተቻለ ደግሞ አንድ ዝናብ ባለበት ቀን ተመለሱ፤ የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ፣ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣው ጎርፍ መሠረቱ ሥር ይቆም እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።

መጸዳጃ ቤቱን አትርሱ። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ለአሥራ ሁለት ሰው አይበቃም፤ ተከራይ ሲበዛ ቶሎ ይሞላል። ጥልቀቱን፣ ዕድሜውን፣ ከውሃ ጉድጓድ ያለውን ርቀት ጠይቁ፤ ለአዲስ ጉድጓድ ቦታ መኖሩንም አረጋግጡ።

ከመብራት የሚነሣ ጠብ ደግሞ በኪራይ ግቢ ውስጥ የታወቀ ነው። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤተሰብ ሲጠቀም ሁለት ነገር ይሆናል። የመብራት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ለየብቻ ቢሆን ዝቅተኛውን የሚከፍል ሰው በጋራ ሲሆን ከፍተኛውን ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ማን ምን ያህል ተጠቀመ የሚለው አይታወቅም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እናትና አንድ አምፖል ያለው ተማሪ እኩል ይካፈሉ ሲባል ጥል ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ክፍል ማንበቢያ ቆጣሪ ማስገባት ወጪው ብዙ አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመት ከምታደርጉት ነገር ሁሉ የግቢውን ሰላም በይበልጥ የሚጠብቀው እርሱ ይመስለኛል። የመስመሩንም አቅም በባለሙያ አስመርምሩ፤ በሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጋገርበት የሚቃጠል ሽቦ ቤት ያቃጥላል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ጥንቃቄ ነው። አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ልምጣ፤ ስሌቱ። የምጠራቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ከተማ ዋጋ አስገቡበት።

አንድ መምህርና ባለቤቱ በ1,200,000 ብር አንድ ግቢ ሊገዙ ነው እንበል። 700,000 ብር አላቸው፤ 500,000 ብር ሊበደሩ ነው። ሰርቪሱ ሦስት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል በወር 1,500 ብር ይከራያል። ደላላው ወዲያው ያባዛላቸዋል፤ በወር 4,500፣ በዓመት 54,000 ብር። እዚህ ላይ ቁሙ። የአንዱ ክፍል ተከራይ ተማሪ ከሆነ ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሶ ስንቅ መያዣውን ጭኖ ወደ ቀበሌው ይመለሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ክፍሉ ባዶ ነው። ተከራዩ መምህር ከሆነም በክረምት ይሄዳል ወይም ይዛወራል። ለየክፍሉ በዓመት ሁለት ወር ባዶ ብንይዝ 9,000 ብር ይቀነሳል፤ 45,000 ብር ቀረ። ለጥገና፣ ለቀለም፣ ለጉድጓድ ማስጠረጊያና ለግብር 12,000 ብር ብናወጣ፣ የተጣራው 33,000 ብር ነው። ባልና ሚስቱ ራሳቸው በወር 4,000 ብር ተከራይተው ይኖሩ ከነበረ፣ ከዚህ በኋላ በዓመት 48,000 ብር ይተርፋቸዋል። ሁለቱ ሲደመር 81,000 ብር።

ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 90,000 ብር ነው። ከዋናው ብድር አንድ ብር ሳይከፈል ማለት ነው። ተከራዮቹ ከፍለው፣ የራሳቸውን ኪራይ አድነው፣ ገና 9,000 ብር ይጎድላቸዋል። «ተከራይ ዕዳዬን ይከፍልልኛል» የሚለው አባባል በዚህ ወለድ አይሠራም። ይህ ማለት አትግዙ ማለት አይደለም፤ ኪራዩ ብድሩን ይሸከመዋል ብላችሁ አትግዙ ማለት ነው።

ይህን የምለው ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችሁ ሌላ ነገር ስለምትሰሙ ነው። እዚያ ይሠራል፤ የሚሠራበትም ምክንያት አለው። በቦስተንና በአካባቢዋ ከተሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች ተሠሩ፤ ስደተኛው ቤተሰብ በአንዱ ፎቅ እየኖረ ሁለቱን ያከራይ ነበር። ዛሬም የአሜሪካ መንግሥት በ1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተቋቋመው የቤቶች አስተዳደር በኩል ዋስትና እየሰጠ፣ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት 3.5 በመቶ ብቻ ቅድሚያ ከፍሎ መግዛት ይቻላል፤ ገዢው ግን ራሱ እዚያ ገብቶ መኖር አለበት። ዕዳው በ30 ዓመት ይከፈላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን ቤዝመንታቸውን እያከራዩ ቤታቸውን የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ከተሞች ረጅም ዘመን የሚቆይ፣ ወለዱ ዝቅ ያለ የቤት ብድር ለተራ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የግል የሞርጌጅ ባንክ ሆኖ ሥራ የጀመረ ቢሆንም፣ ይህ ዓይነቱ ብድር ወደ ወረዳ ከተሞቻችን እስኪደርስ ገና መንገድ አለው።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ምን ይሠራል? እኔ የማምነው በሁለት ነገር ነው፤ በቁጠባና በየደረጃው በመሥራት። ዋናው ቤት ብቻ ያለበት፣ ግን ጓሮው ሰፊ የሆነ ግቢ ከአራት ክፍል ሰርቪስ ጋር ከሚሸጠው ይረክሳል። እርሱን በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ፣ የመጀመሪያውን ክፍል በእቁብ ሥሩት። ሃያ አምስት ሰው በወር 4,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ዕጣ ለወጣለት 100,000 ብር ይሰጣል፤ ወለድ የለበትም። የአንዱ ክፍል ኪራይ የሁለተኛውን እቁብ ይደግፋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን በየትኛውም ዓመት ብትቆሙ የቆመው ክፍል የእናንተ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዕቃውን ገንዘብ ባገኛችሁ ቁጥር ገዝታችሁ ማስቀመጥም አንድ ዘዴ ነው።

ብድር ግድ ከሆነ ደግሞ በሃይማኖታችሁ ምክንያት ወለድ የማትነኩ፣ በአካባቢያችን ቁጥራችሁ ብዙ የሆነ አድማጮች፣ መንገድ አላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ወለድ አልባ መስኮት አላቸው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ነግሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ከመጀመሪያው የታወቀ መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ትርፉንም በስሌቱ ውስጥ አስገቡት፤ ከላይ ያየነው ሒሳብ እዚህም ይሠራል።

ተከራይ ስለ መቀበል ጥቂት ልበል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ከተከፈተ ወዲህ በመካነ ሰላም ቤት ፈላጊው መምህርና ሠራተኛ ነው፤ ደጎሎ ላይ ደግሞ ከገጠር የሚመጣው ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛው ያመዝናል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቤት አይፈልጉም። ዩኒቨርሲቲ መምህሩ የራሱ ውሃና መጸዳጃ ቢኖረው የተሻለ ይከፍላል፤ ተማሪው ግን ርካሽና ደኅንነቱ የተጠበቀ ክፍል ይሻል፤ በገበያ ቀን አባቱ እህል ጭኖ ሲመጣ የሚያሳርፍበት ቦታ ቢኖር ደስ ይለዋል። ስትገዙ ለማን እንደምታከራዩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ከልጆች ጋር ስትዋዋሉ ውሉን ከወላጅ ጋር ፈርሙ። ሴት ተማሪዎችን ካስገባችሁ በራቸው ከውስጥ በደንብ የሚቆለፍ፣ መጸዳጃው መንገድ ላይ መብራት ያለው ይሁን፤ ይህ የኪራይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሰው ልጅ አደራ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ይሠራል። በዚህ አዋጅ ውሉ ተጽፎ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። ከተማችሁ በአዋጁ ሥር መግባት አለመግባቷን ከማዘጋጃ ቤት አረጋግጡ። ባትገባም እንኳ እነዚህ ደንቦች ጥሩ መመሪያ ናቸው። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ በአራተኛው ወር ጨምር የሚል አከራይ ጥሩ ተከራይ አይቆይለትም። በነገራችን ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለው፤ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ይታያል። መጠኑን ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ክፈሉ፤ ተደምሮ የሚመጣ ውዝፍ ከነቅጣቱ ብዙ ኪራይ ሊወስድ ይችላል።

የግቢ አኗኗርንም ገና ሲገቡ ተነጋገሩ። የእኛ ወሎ በአንድ ግቢ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርበት አገር ነው፤ ይህም የሚጸናው በመተሳሰብ ነው። ማድ ቤቱ የጋራ ከሆነ የሥጋው ዕቃ እንዴት እንደሚለይ፣ በጾምና በረመዳን ሰዓቱ እንዴት እንደሚሆን፣ ውሃ በተለቀቀ ቀን ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ፣ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ስለ ማሳደር በቃል ሳይሆን በውሉ ጀርባ ላይ ጻፉት። አከራይና ተከራይ አንድ በር ሲጠቀሙ ያልተነገረ ነገር ሁሉ ቂም ይሆናል። እናንተም ባለቤት ነን ብላችሁ የተከራይን ክፍል ሳታንኳኩ አትግቡ፤ ኪራዩን እስከ ከፈለ ድረስ ያ ክፍል የእርሱ መኖሪያ ነው።

ግቢ ለመግዛት ያሰባችሁ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የምታስቡትን ቤት የካርታ ቁጥር ከሻጩ ተቀብላችሁ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሂዱ፤ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ዕዳና እገዳ ይኑረው አይኑረው፣ ስም ሲዞር ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ የካርታውን ቁጥር ሊሰጣችሁ ካልፈለገ ቤቱን አትግዙ።